«ቲጋሲን ነኝ»፦ የፊሊፒንስ ወንዶች ፌስቡክ ላይ ሲቀልዱ ምን እያሉ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ፊሊፒናዊ ፌስቡክ ላይ ሁለት ቃል ይጽፋል፦ «ሻት ፑኖ»። ቃል በቃል «መለኪያው ሙሉ ይሁን» ማለት ነው፤ ጓደኞቹ ግን «ማታ እንጠጣ» ብሎ እንደጠራቸው ያውቃሉ። ከሥሩ የሚከተለው ምልልስ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ጂ!»
«ጂ ሪን አኮ፣ ፕሬ።»
«ማግፓፓአላም ሙና አኮ ካይ ኩማንደር ሃሃሃ።»
«ታኩሳ!»
«ሂንዲ አኮ ታኩሳ። ቲጋሲን አኮ፦ ቲጋ-ሳኢንግ፣ ቲጋ-ላባ።»
«ድሮዊንግ ና ናማን።»

በእነዚህ ስድስት መስመሮች ውስጥ የፊሊፒንስ ወንድነት ግማሹ አለ፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንፍታቸው። «ጂ» ከ«ጌም» የተረፈች ፊደል ናት፤ «ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው «እኔም አለሁበት» አለ። «ፕሬ» የ«ፓሬ» ማሳጠሪያ ነው። ቃሉ የመጣው «ኮምፓድሬ» ከሚለው ስፓኒሽ ሲሆን አማርኛ ትክክለኛ አቻ አለው፦ አበልጅ። ልጅህን ክርስትና ያነሳልህ ሰው ፓሬህ ነው። ዛሬ ገና ሚስት ያላገቡ ጎረምሶችም ይጠራሩበታል፤ ግን የአበልጅነቱ ክብደት ከቃሉ ጨርሶ አልወጣም። «ፕሬ» ያልከውን ሰው ጥሪ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ሰው «መጀመሪያ አዛዤን ላስፈቅድ» እያለ ነው። አዛዡ ሚስቱ ናት። ወዲያው «ታኩሳ» ተባለ፤ «ታኮት ሳ አሳዋ» ከሚለው ሐረግ ተቀነጫጭቦ የተሠራ ቃል ነው፣ «የትዳር ጓደኛውን የሚፈራ»። እዚህ ላይ ቢቆጣ አለቀለት። አልተቆጣም። «ታኩሳስ አይደለሁም፣ ቲጋሲን ነኝ» አለ። «ቲጋስ» ጥንካሬ ነው፤ «ቲጋሲን» የሰፈር ጉልቤ፣ ማንም የማይደፍረው ወንድ። ነገር ግን «ቲጋ-» ከሥራ ቃል ፊት ሲቀጠል የዚያ ሥራ ኃላፊ የሆነን ሰው ያመለክታል፤ «ሳኢንግ» ሩዝ መቀቀል፣ «ላባ» ልብስ ማጠብ ነው። ስለዚህ መልሱ «ጉልቤ ነኝ፦ ሩዝ ቀቃይ፣ ልብስ አጣቢ» ሆነ። ተረቡን ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ ከሁሉም በላይ አሳቀ። በዚያ ክር ውስጥ ወንድ ሆኖ የወጣው እሱ ነው። የመጨረሻው ተናጋሪ «ድሮዊንግ» ያለው፣ ዕቅዱ እንደ ወትሮው በወረቀት ላይ የተሳለ ሥዕል ሆኖ እንዳይቀር ሰግቶ ነው።

ይህን ያህል የዘገየነው በምክንያት ነው። የፊሊፒንስ ወንዶች የሚጽፉትን ፊት ለፊት ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል፤ ወይ ሁሉንም ፉከራ አድርጎ ያየዋል፣ ወይ ሁሉንም ቀልድ አድርጎ ያልፈዋል። እዚያ ቀልድ ተሸካሚ ነው። ርኅራኄም፣ ድካምም፣ ፍርሃትም፣ አንዳንዴም ጭካኔ በቀልድ ተጠቅልሎ ይላካል። ጥያቄው ሁልጊዜ ውስጡ ምን አለ የሚለው ነው።

ተረብ የማይችል ወንድ

«ፒኮን» የሚል ቃል አላቸው፤ ተረብ የማይችል፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ማለት ነው። «ፒኮን፣ ታሎ» ይላሉ፦ የተቆጣ ተሸነፈ። ሌላው ስድብ «ባላት-ሲቡያስ» ነው፣ የሽንኩርት ቆዳ፤ በትንሽ ነገር የሚላጥ። አንድ ወንድ በአደባባይ ሲነካ ሊያደርግ የሚችለው ተቀባይነት ያለው ነገር መሳቅና የባሰ ተረብ መመለስ ነው። ያን ካልቻለ ዝም ይበል እንጂ አይከራከርም።

ይህ ሕግ ጥብቅ የሆነው በፊሊፒንስ የፌስቡክ ጓደኝነት እንግዳ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ገጹን የሚያዩት እናቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ የሚስቱ እኅቶች፣ የድሮ መምህሩና የሥራ አለቃው ናቸው። «ሂያ» የሚሉት ስሜት አለ፤ በአማርኛ ይሉኝታ ብንለው ብዙም አንሳሳትም። ሌላው «ኡታንግ ና ሎኦብ» ነው፦ የማይረሳ ውለታ። ሦስተኛው «ፓኪኪሳማ» ይባላል፣ ከሰው ጋር ገጥሞ መኖር። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፣ አንድ ወንድ እውነተኛ ስሜቱን በግልጽ ለመጻፍ ምን ያህል ጠባብ መንገድ እንደሚቀረው መገመት አያስቸግርም። ቀልዱ ያችን ጠባብ መንገድ ያሰፋታል።

ስልኩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ከ2010ሮቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቴሌኮም ኩባንያዎች ያለ ክፍያ የሚከፈት ፌስቡክ ሰጥተዋል። በዚህ ነፃ አገልግሎት ጽሑፍ ይታያል፣ ፎቶና ቪዲዮ አይታይም። ካርድ ያለቀበት ሰው ፎቶ ሥር «ፓኪ-ዴስክራይብ ፖ፣ ናካ-ፍሪ ዳታ ላንግ» ብሎ ይጽፋል፦ «እባካችሁ ፎቶውን ግለጹልኝ፣ ነፃውን ነው የምጠቀመው»። አስተያየት ሰጪዎችም ፎቶውን በቃል ይሥሉለታል፤ በእርግጥ እያጋነኑና እየተረቡ። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ109 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር፣ ለብዙዎች ፌስቡክ ማለት በመጀመሪያ ጽሑፍ ነበር። የቃላት ጨዋታው እንዲህ የጎለመሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ቋንቋውም ለአማርኛ አንባቢ ወጥመድ አለው። አማርኛ ሳይፈልግም ጾታ ይናገራል፤ «መጣ» እና «መጣች» ይለያያሉ። በታጋሎግ «ሲያ» እሱም እሷም ናት፤ «አሳዋ» ባልም ሚስትም ነው፤ «ጆዋ» የወንድም የሴትም ፍቅረኛ ነው። ፌስቡክ ራሱ ተርጉሞ የሚያቀርበው ጽሑፍ ጾታውን የሚያስቀምጠው በግምት ነው፤ አንድ ሰው ስለ ሚስቱ የጻፈው በትርጉም ስለ ወንድ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን አይቶ ስለ ሰውዬው መደምደሚያ ላይ የደረሰ ብዙ ነው። ታጋሎግ ደግሞ ብቸኛው ቋንቋ አይደለም፤ ከሴቡና ከብዙው ሚንዳናው የሚጽፉት ሴቡዋኖ ይጠቀማሉ፣ ተረቡም የተለየ ቃል አለው።

የቤት ምሰሶ

አባት «ሃሊጊ ንግ ታሃናን» ይባላል፣ የቤት ምሰሶ። እናት «ኢላው ንግ ታሃናን» ናት፣ የቤት ብርሃን። በጁን ሦስተኛ እሑድ፣ በአባቶች ቀን፣ ገጹ ሁሉ በምሰሶ ይሞላል። ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ግን በዚያ ቀን የሚወጣው አይደለም፤ የምረቃው ነው። ልጅ ጋውን ለብሶ፣ አባቱ የሚነዳት ባለ ሦስት እግር ትራይሲክል አጠገብ ቆሞ፣ ቆቡን አባቱ ራስ ላይ አድርጎለት። ከሥሩ «ኢንጂነር ና ፖ አኮ፣ ታይ» የሚል ጽሑፍ፦ «አባባ፣ ኢንጂነር ሆኛለሁ»። አባትየው በፎቶው ብዙ ጊዜ አይስቅም፣ ልብሱም የሥራ ልብስ ነው። ወንድነቱን የሚናገርለት ልጁ ነው፤ እሱ ራሱ ቢጽፈው ጉራ ይሆንበት ነበር።

ምሰሶ መሆን ያልቻለ ወንድስ? «ታምባይ» ይባላል፣ እኛ ድንጋይ ሲያሞቅ የሚውል የምንለው። ከዚህ ስም የሚያድነው «ዲስካርቴ» ነው። ብልሃት፣ መላ መፍጠር፣ ከምንም ነገር ገንዘብ ማውጣት ማለት ነው። «ዲፕሎማ ይበልጣል ወይስ ዲስካርቴ?» የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሳል፤ ሁሌም ጎራ ይከፍላል። ከትምህርቱ ክርክር በታች የሚጠየቀው «ያልተማረ ወንድ በምን ይከበራል?» የሚለው ነው። ከዲስካርቴ ጎን የቆመውን አስተያየት ሰጪ ለትምህርት ንቀት አለው ብለው አይለፉት፤ ብዙ ጊዜ አባቱን እየተከላከለ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ምሰሶዋ ሚስት ስትሆን ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊሊፒናውያን በውጭ አገር ይሠራሉ፤ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው፤ ቀዳሚዋ መዳረሻ ሳውዲ አረቢያ ናት። በሪያድ ወይም በዱባይ አንድ ኩሽና ውስጥ ከፊሊፒናዊት ጋር የሠራች ኢትዮጵያዊት ይህን ታሪክ ከጎን ሆና አይታዋለች፤ ሌሊት በሜሴንጀር ቪዲዮ የሚታየው ባል፣ ከኋላው የተሰጣ ልብስ፣ የቤት ሥራውን የሚሠራ ልጅ። ያ ባል ድንጋይ አሞቂ አይደለም፤ ሁለት ሰው የሚሠራውን እየሠራ ነው። ግን ሰፈሩ የሚያየው የሚስቱን ገንዘብ ሲቀበል ነው። መጀመሪያ ላይ ያየነው የ«ቲጋሲን» ቀልድ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከቀልድ በላይ ነው። ጎረቤት ሳይቀድመው ራሱ ይናገረዋል፤ ራሱ የተናገረውን ማንም መልሶ ሊወጋበት አይችልም። እንዲህ ያለ ባል ሩዝ ድስቱን ፎቶ አንስቶ ሲለጥፍ አክብሮት ይገባዋል።

ገንዘብ ላኪው ወንድ ደግሞ መርከበኛው ነው። ፊሊፒንስ ለዓለም መርከቦች ብዙ ሰው ከሚያቀርቡ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በመንግሥት መደበኛ የሥራ ውል መሠረት መርከበኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ ቢያንስ 80 በመቶውን በየወሩ አገር ቤት ለሰየመው ሰው ይልካል። መንደሩ ውስጥ ባለ ፎቅ ቤት ካለ የመርከበኛ ነው ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ግን ስሙ ሌላ ነው፦ «ሲማንሎሎኮ»። «ሲማን» መርከበኛ፣ «ማንሎሎኮ» አታላይ፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ በየወደቡ ሴት ያለው ባል ወጣ። መርከበኞቹ ራሳቸው ቲክቶክ ላይ ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው በዚሁ ይቀልዳሉ። «ተረብ የሚችል ወንድ ነው» የሚለው ሕግ እዚህ ጋ መጎርበጥ ይጀምራል፤ ምክንያቱም «ባባኤሮ»፣ ማለትም ሴታውል መሆን፣ ለወንድ ግማሽ ነቀፋ ግማሽ ሙገሳ ነው። ሚስት ግን ፍቺ የማግኘት መብት የላትም፤ ከሙስሊሞች የቤተሰብ ሕግ ውጭ ፊሊፒንስ ውስጥ ፍቺ በሕግ አልተፈቀደም፣ ያለው ጋብቻውን በፍርድ ቤት ማሰረዝ ነው፤ እሱም ውድና ረጅም ነው።

ስለዚህ ብዙ ሴቶች ወደ ካሜራ ይሄዳሉ። ራፊ ቱልፎ የተባለው የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ ሰው ቅሬታ ያላቸውን እያቀረበ፣ ተከሳሹን በቀጥታ ስርጭት ስልክ እየደወለ ሚሊዮኖች የሚከታተሉት ሆነ፤ በ2022 ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። ስሙ ግስ ሆኗል፦ «ኢፓፓ-ቱልፎ ኪታ»፣ «አስቱልፍሃለሁ» እንደማለት ነው። ከሚነሱት ቅሬታዎች አንዱ «ሱስተንቶ» ነው፣ ለልጅ የሚቆረጥ ቀለብ። ባል በአገር ፊት ምሰሶ አለመሆኑ ይነገራል፤ ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም። አንዳንዱ ያኔውኑ ለመክፈል ይስማማል። ሌላ መንገድ የተዘጋባትን ሴት ማንም ሊወቅስ አይችልም። ጉዳቱ ግን መነገር አለበት፦ ቪዲዮው አይጠፋም፣ ልጁ ሲያድግ ያየዋል። ካሜራ ሳይኖር በራሷ ገጽ የባሏን ስም ጠቅሳ የምታዋርድ ሴት ደግሞ በ2012ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስም ማጥፋት ልትከሰስ ትችላለች። የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባራንጋይ (ቀበሌ እንደማለት ነው) ውስጥ ወዳለው የሴቶች ጥቃት ዴስክ መሄድ፤ የ2004ቱ ሕግ ቁጥር 9262 ቀለብ መከልከልን የኢኮኖሚ ጥቃት ስለሚለው አቤቱታው መሠረት አለው፤ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ባራንጋዩ ለ15 ቀን የሚጸና የመከላከያ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ አለ።

ቱሊ

«ቱሊ» ግርዘት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጁን በስምንተኛው ቀን ስለሚያስገርዝ ማንም የራሱን ግርዘት አያስታውስም። በፊሊፒንስ ሁሉም ያስታውሰዋል። ልጁ ከ8 እስከ 12 ዓመት ገደማ ሲሞላው በኤፕሪልና በሜይ ሙቀት ወራት ነው የሚደረገው። የድሮው «ዴ-ፑክፖክ» ይባላል፤ ልጁ ወንዝ ዳር ይቆማል፣ ባለሙያው ምላጩን በእንጨት ይመታል፣ የታኘከ የዘይቱን ቅጠል ቁስሉ ላይ ይደረጋል። ዛሬ አብዛኛው በሐኪም ነው፤ የከተማ አስተዳደሮች «ኦፐሬሽን ቱሊ» ብለው በነፃ በዘመቻ ያስገርዛሉ፣ የፖለቲከኛው ስምና ፎቶም በባነር ላይ ይሰቀላል።

ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ ይመጣሉ። ጨርቅ ቁስሉን እንዳይነካው ልጆቹ የእናታቸውን ቀሚስ ወይም የአባታቸውን ሰፊ ቁምጣ ይለብሳሉ፤ የቀሚሱን ፊት በሁለት ጣት ቆንጥረው ከሰውነት አርቀው፣ እግራቸውን ከፍተው ይራመዳሉ። እናት ፎቶ አንስታ «ቢናታ ና» ትላለች፦ «ጎረምሳ ሆነ»። ወንድ የሆነበት ቀን ቀሚስ የለበሰበት ቀን መሆኑ ማንንም አይገርምም። አጎቶች «ናንጋማቲስ ባ?» ብለው ይጠይቃሉ፦ «ቲማቲም ሆነ ወይ?» እብጠቱን ማለታቸው ነው። ሴት ልጅ ካየችው ቲማቲም ይሆናል የሚል እምነትም አለ። የእብጠቱ እውነተኛ ምክንያት የቁስሉ ንጽሕና አለመጠበቅ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እብጠት ያለ ነገር ነው፣ ትኩሳት ወይም መግል ከታየ ግን የዘይቱን ቅጠል እየቀቀሉ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ያልተገረዘ «ሱፖት» ይባላል፤ ቃሉ ከረጢት ማለት ነው፤ እኛ «ቆላፍ» እንደምንለው ስድብ ነው። በሞባይል ጨዋታ የተሸነፈ፣ ዝቶ ያልመጣ፣ ክርክር ጥሎ የወጣ ሁሉ አስተያየት ሥር «ሱፖት!» ይባላል። ስድቡ ለአዋቂ ሰው ቀልድ ነው። ክፍል ውስጥ ብቻውን ሳይገረዝ ለቀረ የ12 ዓመት ልጅ ግን ቀልድ አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጆች ከምላጩም ከሕመሙም አስበልጠው የሚፈሩት ይህን ስም ነው። ፎቶ መለጠፍ ለፈለገ ወላጅ ምክራችን አጭር ነው፦ ፊቱ አይታይ፣ ስሙ አይጻፍ፣ ልጁ ይጠየቅ።

«ቢሮ ላንግ»

«ቢሮ ላንግ» ማለት «ቀልድ ብቻ ነው» ማለት ነው። እስካሁን ያየነው ቀልድ የተሸፈነ ርኅራኄ ነበር። ይኸው መሸፈኛ የተሸፈነ ጥቃትም ይሸከማል፤ የተነካው ሰው ቢቆጣ «ፒኮን» ይባላልና መውጫ የለውም።

ይህ ከፍተኛው ሥልጣን ላይ ደርሶ ታይቷል። ፊሊፒናውያን የፊልም ጀግኖችን ለመምረጥ አዲስ አይደሉም፤ የተኩስ ፊልም ተዋናዩ ጆሴፍ ኤስትራዳ በ1998 ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ሮቢን ፓዲላ በ2022 የሴኔት ምርጫን በአንደኝነት አሸነፈ። ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ (ከ2016 እስከ 2022) ተዋናይ አልነበረም፤ ደጋፊዎቹ ግን «ታታይ ዲጎንግ» አሉት፣ አባባ ዲጎንግ። የሚቆጣ፣ የሚሳደብ፣ ቤቱን የሚያስከብር አባት። በሴቶች ላይ የተናገራቸው ነገሮች ቁጣ ባስነሱ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ ቀልድ ነው፣ አትቆጡ። በ2018 የሚቀጥለው እንባ ጠባቂ ሴት እንዳትሆን ሲናገር ሴቶች «ባባኤ አኮ» («ሴት ነኝ») በሚል መለያ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ሴኡል ውስጥ በመድረክ ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛን ከንፈሯን ሳማት፤ ደጋፊዎቹ አሁንም ጨዋታ ነው አሉ። የ«ባባኤ አኮ» ዘመቻ ጉልበት «ፒኮን» ለመባል ፈቃደኛ መሆን ነበር። ተቆጥተናል፣ ቀልዱም አላሳቀንም አሉ።

በ2020 ደግሞ አንድ የፖሊስ ጣቢያ ሴቶች አጭር ልብስ እንዳይለብሱ የሚመክር ጽሑፍ ለጠፈ። የታዋቂ ቤተሰብ ልጅ የሆነች ወጣት «ሴቶችን አለባበስ ከማስተማር ሰዎችን አትድፈሩ ብላችሁ አስተምሩ» የሚል መልስ ሰጠች። አንድ የብሮድካስት ሰው «ሂሃ» ብሎ ጠርቶ ሊመክራት ሞከረ፤ «ልጄ» እንደማለት ነው፣ ከላይ ወደ ታች። «ሂሃ አኮ» የሚለው መለያ በማግሥቱ የብዙ ሺህ ሴቶች ሆነ። ፊሊፒናዊ ወንድ በአባትነት ቃና ሲናገር ቃሉ ለስላሳ መሆኑ አያዘናጋ፤ «ሂሃ» እና የወንዱ አቻ «ኢሆ» ማን መናገር፣ ማን መስማት እንዳለበት የሚያውጁ ቃላት ናቸው።

በዚህ መካከል ሕጉ ተለውጧል። በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 11313፣ ሰዉ «ባዋል ባስቶስ» («ባለጌነት ክልክል ነው») የሚለው፣ በኢንተርኔት የሚደረግ ጾታዊ ትንኮሳን ወንጀል አድርጎታል፤ በአደባባይ አስተያየትም ይሁን በግል መልእክት። ሴቶችን፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችንና ጾታ የቀየሩ ሰዎችን የሚያዋርድ ያልተፈለገ ንግግር ይጨምራል። ቅጣቱ እስራት ወይም ከ100,000 እስከ 500,000 ፔሶ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። «ቢሮ ላንግ» ማለት ብቻውን ከዚህ አያድንም። የተጠቃ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት መልስ መስጠት ሳይሆን ማስረጃ መያዝ ነው፦ ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ ሳይቆራረጥ ስክሪንሾት ማንሳት፣ የገጹን አድራሻ (ሊንክ) ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ምክንያቱም የገጽ ስም በደቂቃ ይቀየራል፤ ከዚያ ወደ ፖሊስ የሳይበር ወንጀል ክፍል። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው ተጎጂዋ ተናዳ መልእክቱን ስትደመስሰው ወይም ገጹን ማስረጃ ሳትይዝ ስትዘጋው ነው።

ከወንድ ጨዋታ ወደ ጉዳት የተሸጋገረ ሌላም ነገር አለ፤ «ሳቦንግ»፣ የአውራ ዶሮ ውጊያ። ድሮ እሑድ እሑድ አደባባይ የሚታይ የወንዶች ጉዳይ ነበር፤ የኮቪድ ወረርሽኝ አዳራሾቹን ሲዘጋ ወደ ስልክ ገባ፣ ውርርዱም በሞባይል ገንዘብ ሆነ። አዳራሽ ውስጥ ጎረቤት ያይሃል፣ ያፈርህ እንደሆነ ታቆማለህ፤ ስልክ ላይ የሚያይህ የለም። ይሉኝታው ሲነሳ ዕዳው ወለል አልነበረውም። ከ30 በላይ የዶሮ ውጊያ ሰዎች ደብዛቸው ጠፍቶ አገር ከተነጋገረ በኋላ፣ በሜይ 2022 የኢንተርኔቱ ውርርድ ታገደ።

ለስላሳው ወንድ

አገጭ ሥር አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ዘርግቶ ፎቶ መነሳት የቆየ የወንዶች አቀማመጥ ነው፤ «ፖጊ» ምልክት ይሉታል፣ «ቆንጆ ነኝ»። አባቶችም፣ አያቶችም ያደርጉታል። ወንድ ቆንጆ ነኝ ማለቱ በፊሊፒንስ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ካበዛው ብቻ «ጂ-ጂ-ኤስ-ኤስ» ይባላል፣ በራሱ ውበት የሰከረ። ስለዚህ በ2018 የጀመረው ኤስ ቢ 19 የተባለው የአምስት ወንዶች ቡድን ሜካፕ ተቀብቶ ሲመጣ ክርክሩ ስለ ውበት አልነበረም፤ «ባክላ ናቸው» የሚል ነበር። ባክላ የሴት ጠባይ ያለውን ወንድ፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪውንም የሚጠራ ቃል ነው፤ ሰዎች በኩራት ራሳቸውን ይጠሩበታል፣ ሌሎች ደግሞ «ፈሪ» ለማለት ይሰዳደቡበታል። ቡድኑ በ2019 በአንድ የልምምድ ቪዲዮ ታወቀ፤ በ2021 በቢልቦርድ ሽልማት የማኅበራዊ ሚዲያ ዘርፍ ከዓለም ታላላቆች ጋር ታጨ። ከዚያ ወዲህ ስድቡ አልጠፋም፤ ግን የሚሳደበው ሰው ራሱ ተረብ ይደርስበታል።

የሚደንቀው ለስላሳ ወንድን የሚሳደቡት ራሳቸው የባክላዎችን ቋንቋ መናገራቸው ነው። «ቻሮት» ወይም «ቻር» የባክላዎች ቃል ነበር፦ «እየቀለድኩ ነው»። ዛሬ ሞተር ነጂውም፣ ወታደሩም፣ አናጢውም ይጠቀምበታል። አጠቃቀሙን ልብ ይበሉ፤ ቃሉ የሚመጣው ከከባድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ነው። «ፓጎድ ና አኮ፣ ቻሮት»፦ «ደክሞኛል… ቀልዴን ነው»። ቻሮት እውነቱን አይሰርዘውም። የሰማው ሰው መጠየቅ ከፈለገ ይጠይቅ፣ ካልፈለገ ይሳቅ ብሎ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ጸሐፊውም ማንም ባይጠይቀው አያፍርም።

ፊሊፒናዊ የሥራ ባልደረባ ወይም ጓደኛ እንዲህ ሲጽፍ ያየ ኢትዮጵያዊ ምን ያድርግ? አስተያየት መስጫው ላይ «ምን ሆንክ? አይዞህ» ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ እናቱና አለቃው በሚያዩት ቦታ መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ ነው፣ መልሱም «ሃሃሃ ኦኬ ላንግ አኮ» («ሃሃሃ ደህና ነኝ») መሆኑ የታወቀ ነው። እዚያ ላይ የሳቅ ምልክት አድርጎ በግል መልእክት መሄድ ይሻላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ሃሃሃውም ቻሮቱም የጠፋበት ጽሑፍ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀልድ ወንድ አንድ ቀን ምንም መጠቅለያ ሳያደርግ ከጻፈ በዚያው ሌሊት መደወል ያስፈልጋል። ራሱን ስለመጉዳት ካነሳና ፊሊፒንስ ውስጥ ከሆነ የብሔራዊ የአእምሮ ጤና ማዕከሉ ስልክ 1553 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል።

በግል መልእክቱም ቢሆን «ስሜትህ እንዴት ነው?» ብሎ መጀመር ወንዱን ያስደነግጠዋል። ፊሊፒናውያን እርስ በርሳቸው እንደሚያደርጉት ከምግብ ይጀመር፦ «ኩማኢን ካ ና ባ፣ ፕሬ?» «በልተሃል ወይ፣ አበልጄ?»